የድሮን ሞገድና ኬብል ከጅግጅጋ እስከ አይሻ

ለሽያጭ የሚቀርቡ አብዛኞቹ አነስተኛ ድሮኖች ከመቆጣጠሪያቸው ጋር የሚነጋገሩት በ2.4 ወይም በ5.8 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ጊጋኸርዝ ሞገዱ በአንድ ሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚገልጽ መለኪያ ነው። ሁለቱ በእኩል ኃይልና በተመሳሳይ ዓይነት አንቴና ቢላኩ፣ የ5.8ቱ እዚያው ርቀት ላይ የሚደርሰው ከ2.4ቱ አንድ ስድስተኛ ያህል አቅም ይዞ ነው። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር የተሻለ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ምርጫው የሚወሰነው በቦታው ነው።

በጅግጅጋ መሐል የሆቴሉና የሱቁ ዋይፋይ እንዲሁም ብሉቱዝ 2.4ን ስለሚሻሙ፣ ለአጭር በረራ 5.8 ይመረጣል። በአይሻ ሜዳ ግን አየሩ ከሞላ ጎደል ባዶ በመሆኑ ራቅ ብሎ የሚደርሰው 2.4 ያዋጣል፤ ይሁንና 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ በታቀደው የአይሻ ነፋስ ኃይል ጣቢያ አካባቢ የብረት ምሰሶ ሞገዱን ስለሚጋርድና ስለሚያንጸባርቅ፣ ድሮኑ ከምሰሶ ኋላ ከተሰወረ የትኛውም ድግግሞሽ አያድነውም። ተርባይን ያስተከለው ነፋስም 249 ግራም ብቻ የምትመዝነውን ድሮን ሞገዱ ከመድከሙ በፊት ሊወስዳት ይችላል። የመቆጣጠሪያውን አንቴና በተመለከተ፣ ብዙዎች ጫፉን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ድሮኑ ያነጣጥራሉ፤ ሞገዱ ግን በብርታት የሚወጣው ከጎኑ እንጂ ከጫፉ ስላልሆነ፣ ወደ ድሮኑ መዞር ያለበት ጎኑ ነው።

ኬብሉ ስልኩን ከመቆጣጠሪያው ጋር ያገናኛል። ተራው የዩኤስቢ ኬብል በውስጡ አራት ሽቦዎች ሲኖሩት፣ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ መረጃ ያስተላልፋሉ፤ ለቻርጅ ብቻ የተሠራው ርካሽ ኬብል ግን የመረጃዎቹ ስለሚጎድሉት፣ ስልኩ ቻርጅ እያደረገ የድሮኑ ካሜራ ምስል ሳይመጣ ይቀራል። ስልኩን በዋይፋይ የሚያገናኙ አንዳንድ ሞዴሎችም ኬብል ሲሰካላቸው፣ ያ ዋይፋይ ለድሮኑ የሚያስፈልገውን ሞገድ መሻማቱን ያቆማል።

ፈቃዱ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ድሮን ወደ አገር ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አይሻም ለጅቡቲ ድንበር ቅርብ በመሆኗ ቁጥጥሩ እዚያ ይበልጥ ሊጠብቅ ይችላል።

ወደ ኬብሉ ስንመለስ፣ በበረራ መካከል ቢነቀል ከስልኩ የሚጠፋው ምስሉ ነው፤ የመቆጣጠሪያው ሞገድ ስላልተቋረጠ ድሮኑ የመቆጣጠሪያውን ዘንጎች ይታዘዛል፣ ወደ ተነሣበት የሚመልሰው ቁልፍም ይሠራል።