ወለድ የሌለው ብድር፦ የኒው ዮርክ አይሁድ የመረዳጃ ማኅበራት

ኒው ዮርክ ውስጥ ኩዊንስ በሚባለው የከተማው ክፍል ሰፋፊ የአይሁድ መካነ መቃብሮች አሉ። ወደ ውስጥ ዘልቆ ለተመለከተው ሰው አንድ የመቃብር ስፍራ ሳይሆን በትንንሽ ግቢዎች የተከፋፈለ መንደር ይመስላል። ብዙዎቹ ግቢዎች የየራሳቸው በር አላቸው። በበሩ ግራና ቀኝ የድንጋይ ምሰሶ ቆሟል፤ በምሰሶው ላይ በፖላንድ፣ በቤላሩስ ወይም በዩክሬን የምትገኝ የአንዲት ከተማ ስም ተቀርጿል። ከከተማዋ ስም ሥር የሊቀ መንበሩ፣ የጸሐፊው፣ የገንዘብ ያዡና የመቃብር ኮሚቴው አባላት ስም ተራ በተራ ይነበባል። አብዛኞቹ በኑሯቸው ልብስ ሰፊ፣ ሱቅ ጠባቂ ወይም ጋሪ ገፊ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ስማቸው በድንጋይ ላይ የተጻፈው የማኅበራቸውን ሳንቲም በታማኝነት ስለያዙ ነው።

እነዚህን ግቢዎች የገዙት ማኅበራት በይዲሽ ቋንቋ ላንድስማንሻፍት ይባላሉ። ላንድስማን ማለት የአገር ልጅ ማለት ነው። እድር ለለመደ አንባቢ አሠራራቸው እንግዳ አይሆንም። ከአንድ ከተማ የመጡ ስደተኞች ተሰባስበው መዋጮ ያዋጣሉ፤ አባል ሲታመም ይደጉማሉ፤ ብዙዎቹም አባላቱን የሚያክም ሐኪም በኮንትራት ይይዛሉ፤ ሞት ሲመጣ የመቃብሩ ቦታ ቀድሞ ተገዝቷል። በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ከተማ ብቻ ከ2,000 በላይ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ነበሩ። ከነዚያ የአውሮፓ ከተሞች በብዙዎቹ ዛሬ አይሁዳዊ አይኖርም፤ ናዚዎች ፈጅተዋቸዋል። የከተሞቹ ስም ግን ኩዊንስ ምሰሶ ላይ አለ።

ኒው ዮርክ የሰፈሩ አይሁድ ድኻቸውን የመርዳት ታሪክ ከማኅበራቱ በብዙ ይቀድማል፤ አጀማመሩም በግዴታ ነበር። በ1654 ፖርቹጋሎች የብራዚሏን ሬሲፌ መልሰው ሲይዙ የሸሹ 23 አይሁድ፣ ያኔ የደች ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ኒው አምስተርዳም፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ኒው ዮርክ ደረሱ። የመርከቡን ዋጋ መክፈል ስላቃታቸው ዕቃቸው በሐራጅ ተሸጠ። ገዢው ፒተር ስታይቨሰንት ከነአካቴው ሊያባርራቸው ፈልጎ ነበር። አምስተርዳም ያሉት፣ ቅኝ ግዛቱን ያስተዳድር የነበረው የንግድ ኩባንያ አለቆች ግን በ1655 በጻፉለት ደብዳቤ እንዲቆዩ ፈቀዱ። ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፦ ድኾቻቸው በኩባንያውም ሆነ በሕዝቡ ላይ ሸክም እንዳይሆኑ፣ ወገኖቻቸው ራሳቸው ይርዷቸው የሚል።

ያቺ ጥቂት መቶ ነፍስ ያልሞላች ማኅበር መጀመሪያ የፈለገችው የመቃብር ቦታ ነበር። በ1682 የገዙት መሬት ዛሬም ማንሃታን ውስጥ፣ ከቻተም አደባባይ አጠገብ፣ በፎቆች መካከል ተከልሎ ይገኛል። የራሳቸውን ምኩራብ የሠሩት ከዚያ ወዲህ ገና በ1730 ነው።

ድኻን ራሳቸው የመርዳቱ ግዴታ ከብዶ እንዳይታይ ያደረገው የራሳቸው ሕግ ይመስለኛል። በዕብራይስጥ ለድኻ የሚሰጥ ነገር ጸዳቃ ይባላል። ቃሉ ከእኛው ጽድቅ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ እዚያም እዚህም ጸ፣ ደ፣ ቀ። በአይሁድ ዘንድ መስጠት የሰጪው ደግነት ብቻ ሳይሆን መደረግ ያለበት ትክክለኛ ነገር ነው፤ ተቀባዩም የሚገባውን ተቀበለ እንጂ አልለመነም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ ማይሞኒደስ የጸዳቃን ደረጃዎች ስምንት አድርጎ ሲደረድር ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሰው ሳይወድቅ በፊት መደገፍን ነው፦ ብድር መስጠትን፣ በንግድ መሻረክን፣ ሥራ ማስያዝን።

በ1843 ከጀርመን የመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ኤሴክስ ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ ካፌ ተሰብስበው ብናይ ብሪት የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ የቃል ኪዳን ልጆች ማለት ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ለሟች አባል ሚስት 30 ዶላር ለቀብር፣ ከዚያም በየሳምንቱ 1 ዶላር እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እንዲሰጣት መወሰን ነበር። በ1852 የአይሁድ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ በ1855 በ45 አልጋ በሩን ከፈተ። በአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሃይማኖት ሳይለይ ቁስለኛ ወታደሮችን ሲያክም ቆይቶ፣ በ1866 ስሙን ቀይሮ ማውንት ሳይናይ ተባለ። ሲና ተራራ እንደ ማለት ነው።

ከ1881 ወዲህ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። እስከ 1924 ባሉት ዓመታት ከሁለት ሚሊዮን በላይ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ አሜሪካ ገቡ፤ እጅግ ብዙዎቹ ታችኛው ማንሃታን፣ ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ታጨቁ። ቀድመው የመጡትና የበለጸጉት ጀርመን ወለዶቹ ላይኛው ከተማ ይኖሩ ነበር። እጃቸው ሰፊ ነው፤ ግን ይመረምራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ቤት ድረስ ሰው ልከው ያጣራሉ። የታችኞቹ ይህን አልወደዱትም። እውነታቸውን ነው፤ እርዳታ ሲፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ፊቱን ነው። ስለዚህ የራሳቸውን ማቋቋም ያዙ። ቤዝ እስራኤል የተባለውን ሆስፒታል በ1890 የመሠረቱት እያንዳንዳቸው 25 ሳንቲም ያዋጡ አርባ ሰዎች ናቸው። አርባው ሰው የጀመረው በ10 ዶላር ነው። ዓላማቸው አዲስ ገብ ስደተኛ በቋንቋው የሚያነጋግረው ሐኪምና ሃይማኖቱ የሚፈቅድለት ምግብ እንዲያገኝ ነበር።

ከሁሉም ግን ልቤን የሚነካው የዕብራውያን ነጻ ብድር ማኅበር ነው። በ1892 አሥራ አንድ ሰዎች በዚያው ሰፈር በሚገኝ ምኩራብ ተሰብስበው 95 ዶላር አዋጡ። ሐሳባቸው ገንዘቡን ለመስጠት ሳይሆን ለማበደር ነበር፤ ያለ ወለድ። ወለድን የከለከለው ራሱ ኦሪት ነው፤ ዘጸአት ላይም ዘሌዋውያን ላይም ተጽፏል።

በጊዜው የነበረውን ተበዳሪ አስቡት። ትናንት ከመርከብ ወርዷል፤ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ እጁ ላይ ምንም የለም። የሚገፋው ጋሪ በቀን 10 ሳንቲም ይከራያል። ጋሪው ላይ የሚደረድረው መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍ ወይም ሽንኩርት ግን መነሻ ገንዘብ ይፈልጋል። ባንክ አያስጠጋውም፤ አራጣ አበዳሪ ያንቀዋል። ማኅበሩ ጋ ሲሄድ የቤት ካርታ፣ ወርቅ ወይም ሌላ መያዣ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ዋስ ነው። ዋሱ የሚያውቀው ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል። ተበዳሪው ጥቂት ዶላር ይወስዳል፤ እየሸጠ በትንሽ በትንሹ ይመልሳል፤ የተመለሰው ገንዘብ ወዲያው ለሌላ ሰው ይወጣል። አንዱ ዶላር በየተራው የብዙ ሰው ጋሪ ይሞላል። ብድሩም አይጠፋም ነበር፤ ያልከፈለ ሰው የሚያሳፍረው ፊቱን የማያውቀውን ድርጅት ሳይሆን የፈረመለትን ወዳጁን ነውና። ያ ሰው ማኅበሩን ሲሰናበት ተመጽዋች ሳይሆን ዕዳውን የከፈለ ነጋዴ ሆኖ ነው።

ብድር የማያድነው ችግር ደግሞ አለ። በመጋቢት 1911 ትራያንግል በተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነስቶ 146 ሠራተኞች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ ወጣት የአይሁድና የጣሊያን ሴቶች ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው መቅበሪያ ያጡትን አንዳንዶቹን በስታተን ደሴት በገዛው መሬት የቀበራቸው፣ ድኻ አይሁዳዊን በነጻ የሚቀብረው ማኅበር ነው። ያለበለዚያ የሚጠብቃቸው ማዘጋጃ ቤቱ በሃርት ደሴት ያዘጋጀው የድኾች የጋራ ጉድጓድ ነበር።

በ1917 በርካታ ሆስፒታሎች፣ የሙት ልጆች ማሳደጊያዎችና መረዳጃዎች ገንዘብ የሚያሰባስብላቸውን አንድ ፌዴሬሽን አቋቋሙ። ለጋሹ አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ፌዴሬሽኑ ያከፋፍላል። ሥራው ተቀላጠፈ፤ ያ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው የገንዘብ ያዥ ዓይነት ሰው ግን ቀስ በቀስ ጠፋ። ይህ እንደ ቀላል ኪሳራ መታየት የለበትም።

ኒው ዮርክ ላይ ከበቀሉት የአይሁድ ተቋማት ሌሎች ሁለት ደግሞ ከእኛ ሰው ጋር ተገናኝተዋል። በ1914 የአሜሪካ አምባሳደር ሄንሪ ሞርገንታው ከቁስጥንጥንያ በላኩት ቴሌግራም በፍልስጥኤም ለተራቡ አይሁድ 50,000 ዶላር ጠየቁ፤ ኒው ዮርክ ላይ ጆይንት የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። ጆይንት በ1990 እና በ1991 አዲስ አበባ ሆነው ጉዞ ይጠባበቁ የነበሩትን ቤተ እስራኤላውያን ሲያሳክምና ሲረዳ ነበር። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ሲበሩ፣ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተከፈለውን 35 ሚሊዮን ዶላር ያሰባሰቡት የአሜሪካ አይሁድ ናቸው።

ሁለተኛው በምህጻሩ ሃያስ የሚባለው የስደተኞች ረጂ ነው። በኤሊስ ደሴት ስደተኛውን በይዲሽ ያነጋግር፣ ለቤት አልባው ማደሪያ ይሰጥ ነበር። ከ1921 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል የሠራበት የላፋየት ጎዳና ሕንጻ ዛሬ ፐብሊክ ቲያትር ነው። ሃያስ አሁን ከየትኛውም ሃይማኖት የመጣውን ስደተኛ ይረዳል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ሐበሻ በበዛበት በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

የነጻ ብድር ማኅበሩም ዛሬ ድረስ ይሠራል። ኒው ዮርክ የምትኖሩ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለአነስተኛ ንግድ ገንዘብ ያጠራችሁ አንባብያን በሩን አንኳኩ። ሃይማኖትና ዘር አይጠይቅም፤ ወለድም አይጠይቅም። ዋስ ግን ይዛችሁ ሂዱ።