የማይታጠበው ምጣድ

ከጎንደር በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ ገና ከከተማዋ ሳይርቅ ወለቃን ያልፋል። ወለቃ በሸክላ ሥራቸው የታወቁ የቤተ እስራኤል ሴቶች መንደር ነበር። በወገራና በሰሜንም ርስት የተነፈጉ ወንዶቻቸው ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ምጣድና ጋን ይሠሩ ነበር። ገበሬው በቡዳነት እየጠረጠራቸው እንጀራውን በእነሱ ምጣድ ጋግሮ ይበላ ነበር። በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ሙያው ግን በሌሎች ሴቶች እጅ ቀጥሏል።

አዲስ ምጣድ ተገዝቶ እንደመጣ አይጋገርበትም። ሸክላው ፊቱ ቢወለወልም በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ሞልተውበታል፤ ሊጥ ከገባባቸው ምጣዱ ይይዛል፣ እንጀራውም ተቦጫጭቆ ይወጣል። ስለዚህ ይሟሻል። በለዘብተኛ እሳት ቀስ እያለ እንዲግል ይደረግና የተፈጨ ጎመን ዘር ተነስንሶበት በጨርቅ ይታሻል። ያረረው ተጠርጎ ሌላ ይነሰነሳል፤ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ ሥራው ግን አይቋረጥም። የጎመን ዘር ቅባት በግለትና በአየር ተለውጦ ይደርቅና ቀዳዳዎቹን የሚደፍን ጥቁር፣ አንጸባራቂ ቆዳ ይሆናል። ይህ ቆዳ በደባርቅ ዙሪያ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ደጋው ለጤፍ ስለማይመች ገብስ ይጋገራል፣ የገብስ እንጀራ ደግሞ እንደ ጤፉ ስለማይተጣጠፍ ከያዘ መሰበሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማሰስ ብቻ ነው። ጋጋሪዋ በየመሃሉ ቅባት የጠጣውን ማሰሻ በምጣዱ ላይ ታሽከረክራለች። የተጣበቀ ሊጥ ካለ በደረቁ ይፋቃል፤ ጨው ነስንሳ የምታሽም አለች። ሳሙና ግን ፈጽሞ አይነካውም፤ ቆዳውን ሊያስለቅቅ ይችላል፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶም ለቀጣዩ እንጀራ ጣዕሙን ያወርሳል።

በከተማ ኬክ የሚጋገርበት የሲሊኮን ቅርጽ ጠባዩ ተቃራኒ ነው። ሊጡን የማይይዘው በራሱ ነው፤ ጠላቱ የተቃጠለ ቅባት ነው። በላዩ የቀረ ዘይት በተደጋጋሚ ሲግል ሙጫ ይሆናል፣ ኬኩም መያዝ ይጀምራል። ስለዚህ በየጊዜው በሞቀ ውሃና በሳሙና በለስላሳ ስፖንጅ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። ቢላዋና የብረት መፈግፈጊያ አይነካውም። እንጀራ የሚጋገርበት ግለት 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ሲሊኮንም ያንን ይችላል፣ የቀጥታ ነበልባል ግን ያጠፋዋል። ምጣድ የኖረው በነበልባል ላይ ነው።

ምጣድን የሚገድለው ድንገት የመጣ ቅዝቃዜ ነው። በጋለ ሸክላ ላይ ውሃ የረጨ ሰው ስንጥቁን ይሰማዋል። «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» የሚባለውም የሚሰበር ዕቃ ላይ ዱላ ስለማይሰነዘር ነው። ከጋገሩ በኋላ አክንባሎውን ደፍቶ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ መተው ይበቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ፊቱ ያው ሸክላ ነው፤ እሳቱን የተካው ከሥሩ በቦይ የተዘረጋው ሽቦ ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ከሥር የገባ ውሃ ከስንጥቅም የባሰ አደጋ አለው። እርጥብ ጨርቅ እንኳ የሚነካው ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ምጣዱ ከበረደ በኋላ መሆን አለበት፤ ያም ጠርዙን ብቻ ነው። ሽቦው ቢቃጠል ይቀየራል፤ ሸክላው ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ምጣድ ተገዝቶ እንደገና ጎመን ዘር መፍጨት ነው።