የነፍስ ሕማም በሸራ ላይ፤ ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ

ሰው የአካል ደዌ ሲጸናበት ጎረቤቱን ጠርቶ ሕመሙን ይናገራል፤ የኅሊናው ጭንቀት ሲበረታበት ግን ከገዛ ቤተ ሰቡ ሳይቀር ይሸሽጋል። ይህን የተሸሸገ የነፍስ ሕማም በሸራ ላይ ገልጠው ለአደባባይ ካበቁት የዘመናችን ሠዓልያን አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በአዲስ አበባ የተወለደው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው።

ተስፋዬ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ ጀርመን ተሻግሮ በሽቱትጋርት የሥነ ጥበብ አካዳሚ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በዚያም ሀገር ከዐሥር ዓመት በላይ ኖረ። ጀርመን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 በድሬስደን የተሰባሰቡ ወጣቶች ኤክስፕሬሽኒዝም ለተባለው የአሣሣል ስልት መሠረት የጣሉባት ምድር ናት። የስልቱም ሥርዐት፣ ዓይን ያየውን እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ፣ የሠዓሊው ስሜት መስመሩን እንዲያጣምመውና ቀለሙን እንዲያከብደው መፍቀድ ነው።

የዚህ ስልት ተጽዕኖ በሚታይባቸው በተስፋዬ ሥዕሎች ውስጥ ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች በጠባብ ክፍል ተደራርበው ይታያሉ፤ ክንድ ከክንድ፣ እግር ከእግር ስለሚጠላለፍ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ቡናማው ከሮዝ፣ ግራጫው ከአረንጓዴ እየተደባለቀ የሚሠራው ገላቸው፣ በቆዳው መልክ ብቻ ለሚፈረድበት ስደተኛ፣ የሰው ማንነት በአንድ ቀለም ተወስኖ እንደማይቀር ይመሰክራል። በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ኃጥአን ግን በጎን በአንድ ዓይን መሣላቸው የቆየ ሥርዐት ነው፤ ከተስፋዬም ሰዎች ብዙዎቹ ሁለቱን ዓይኖቻቸውን ከፍተው ተመልካቹን ፊት ለፊት ስለሚያዩት፣ ሊያዝንላቸው የመጣው ሰው እርሱ ራሱ የሚታይና የሚመረመር ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ቬኒስ ቢዬናሌ በተባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት በ60ኛው ዙር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን (የሀገር ማሳያ ስፍራ) ስትከፍት የወከላት ይኸው ሠዓሊ ነበር። ዐውደ ርእዩን ያሰናዳው ባለቅኔው ለምን ሲሳይም፣ በእንግሊዝ ሀገር ከኢትዮጵያዊት እናቱ ተለይቶ በአሳዳጊዎች ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ በመሆኑ፣ የማንነትን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ የተሸከመ ሰው ነው።

የሕማመ ነፍስ ፈውስ የሐኪም ድርሻ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ታማሚው ወደ ሐኪም ይሄድ ዘንድ፣ መጨነቁ የሚያሳፍረው ነገር እንዳልሆነ አስቀድሞ ሊረዳ ይገባዋልና፣ የተጨነቀውን ሰው ከነሙሉ ክብሩ የሚያሳይ ሠዓሊ ለወገኑ የሚያበረክተው አገልግሎት እጅግ የላቀ ነው።