እንሰት፦ ከሙዝ ወገን የተለየው ተክል

እንሰትና ሙዝ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ቅጠላቸው ሰፊ ነው፤ ግንድ የሚመስለውም የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦ የሠራው ነው። ቀረብ ብሎ ላየ ግን ይለያያሉ። ሙዝ ከሥሩ ልጅ እያወጣ ይባዛል። እንሰት ብቻውን ቆሞ፣ ከግርጌው አብጦ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ አብቦ ካፈራ በኋላ ይደርቃል። ፍሬው ቢላጥ የሚበላ ነገር እምብዛም የለውም፤ ውስጡ የታጨቀው እንደ ጠጠር የጠነከረ ጥቁር ዘር ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኢትዮጵያ ያየውን ይህን ተክል እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከነሥዕሉ አወጣው፤ ሙዝ አይደለም ብሎም ተሟገተ። ሰሚ አላገኘም። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን «ሙሳ ኢንሴቴ» ብሎ ከሙዝ ወገን ደመረው። በ1862 ሩሲያዊው ሆራኒኖው «ኢንሴቴ» የተባለ ራሱን የቻለ ወገን ቢያቆምለትም ነገሩ ጸንቶ የቆመው የዕፅዋት ተመራማሪው ኧርነስት ቺዝማን በ1947 የሙዝን አስተኔ እንደ አዲስ ሲመድብ ነው። ብሩስ ልክ ነበር፤ እውነቱ እስኪታወቅለት ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀ።

ሆኖም ቺዝማን ግሜሊን የሰጠውን የዝርያ ስም ይዞ መሻገር አልቻለም። ቢሻገር ተክሉ «ኢንሴቴ ኢንሴቴ» ሊባል ነው፤ የዕፅዋት ስያሜ ሕግ ደግሞ የወገኑ ስም ለዝርያው እንዲደገም አይፈቅድም። የእንስሳቱ ሕግ ይፈቅዳል፤ የምዕራብ ጎሪላ ሳይንሳዊ ስሙ «ጎሪላ ጎሪላ» ነው። ስለዚህ በዕድሜ ተከታይ የሆነው ስም ተፈለገ። ኦስትሪያዊው ቬልቪች አንጎላ ያገኘውን ይህንኑ ተክል በ1859 ከግርጌው እብጠት ተነሥቶ «ሙሳ ቬንትሪኮሳ» ብሎት ነበር። የዛሬው «ኢንሴቴ ቬንትሪኮሱም» የመጣው ከዚያ ነው። እንሰትን አልምቶ ቆጮና ቡላ ያደረገው የኢትዮጵያ ገበሬ ሆኖ ሳለ የዝርያው ስም ከአንጎላ መምጣቱ እኔን ይቆረቁረኛል። ደግነቱ የወገኑ ስም የአገሩን መጠሪያ እንደያዘ ቀርቷል፤ በሕንድና በማዳጋስካር የሚበቅሉት ዘመዶቹም የሚጠሩት በእሱ ነው።

የላቲኑ ስም የማይደርስበት ሌላ ስያሜም አለ። በሲዳማ፣ በጉራጌ፣ በወላይታ፣ በጌዴኦና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬው በዚያ በአንዱ ዝርያ ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን በስም ይለያል። የሲዳማ ሰው ገንቲቻን ከአዶ አይቀላቅልም። የሚለየው የቅጠሉን አጥንት ቀለምና የግንዱን መልክ እያየ ነው። አሚቾው፣ ማለትም ከመሬት ሥር ያለው ወፍራም ግንዱ፣ አጥንት ለተሰበረ ሰው የሚቀቀል አለ፤ ቆጮው የሚወደድ አለ፤ እንደ ወላይታው ማዚያ አጠውልግ በሽታን የሚቋቋምም አለ። አንዱን ዓይነት ማባዛት የፈለገ ገበሬ ተክሉን ከግርጌው ቆርጦ የአሚቾውን እምብርት ይፈለፍላል፤ ከዚያ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ይቀብረዋል። በራሱ ልጅ የማያወጣው እንሰት ያን ጊዜ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል፤ ችግኞቹም የእናታቸውን ባሕርይና ስም ይዘው ይተከላሉ።