ከሮቶው በፊት መሬቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ሮቶ የሌለው ግቢ ማግኘት እየከበደ ሄዷል። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም የሚመጣው ውሃ ለከተማው አልዳረስ ብሎ፣ ብዙ ሰፈር በፈረቃ የሚደርሰውን፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ሌሊት የሚመጣውን፣ አጠራቅሞ ይጠቀማል። ሮቶ ሲገዛ ሰው ሊትሩን፣ የፕላስቲኩን ውፍረትና ዋስትናውን አጥብቆ ይጠይቃል። የሚቀመጥበት ቦታ ግን የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሮቶው ከመኪና ከወረደ በኋላ የሰፈር በያጅ ተጠርቶ ከአንጎላሬና ከቱቦላሬ ባለአራት እግር ቆጥ ይሠራል። ይህ አካሄድ ከሥሩ መለወጥ አለበት። ለአብዛኛው ግቢ የሚበጀው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ሙሉ የሆነ፣ መሬቱ ታይቶ የተሠራ ማስቀመጫ ነው፤ የሚቀድመውም እሱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከክብደት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ባለ2 ሺህ ሊትር ሮቶ ባዶውን ሲሆን ሁለት ሰው አንስቶ ያስገባዋል፤ ሲሞላ ግን ሃያ ኩንታል ነው፣ የራሱንና የብረቱን ክብደት ሳንቆጥር። ይህ ሁሉ በአራት እግር ሲከፈል እያንዳንዱ እግር ከ500 ኪሎ በላይ ይሸከማል። እግሩ ሥር የተበየደችው ላሜራ 15 በ15 ሴንቲሜትር ብትሆን፣ መሬቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በካሬ ሜትር ከ20 ቶን ያልፋል። ለስላሳ ጭቃ አፈር ደግሞ በካሬ ሜትር ሰባት ቶን ገደማ ከተጫነበት ጀምሮ መስመጡ ያሰጋል። ያንኑ ሮቶ ጎንና ጎኑ 1 ሜትር ከ60 በሆነ የአርማታ ወለል ላይ ብናሳርፈው፣ ከውሃው የሚመጣው ጫና በካሬ ሜትር አንድ ቶን እንኳ አይሞላም። ውሃው ያው ነው፣ መሬቱም ያው ነው፤ የተለየው ክብደቱ ያረፈበት ስፋት ብቻ ነው።

አፈሩ ራሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በቦሌና በአቃቂ ሜዳማ ሰፈሮች በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እብጠቱም ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከአራቱ እግሮች አንዱ በአጥር ጥላ ሥር እርጥብ መሬት ላይ፣ ሌላው ፀሐይ ላይ ከሆነ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል፣ ክብደቱም ወደ ወረደው ይዞራል። በእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች የሚገኘው ቀይ አፈር ከዚህ ይሻላል፤ ቢሆንም በቅርቡ የተደለደለ ሙሌት ከሆነ እሱም አይታመንም። «የጎረቤቴ ብረት ስንት ዓመት ቆሟል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ብዙው ቆሟል። ነገር ግን ሮቶ በየፈረቃው ይሞላል፣ ይጎድላል፤ በየክረምቱ አፈሩ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ከመሬት ጋር የተገናኘው ብየዳ ደግሞ በየዓመቱ በዝገት ይሳሳል። አምስት ዓመት የቆመው ቆጥ ስድስተኛውን ክረምት የሚገባው ከመጀመሪያው በሳሳ ብረት ነው።

ስለ ሮቶው ሆድም ማሰብ ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ሮቶ የተሠራው ጠፍጣፋ ወለል ከሥር በሙሉ እንዲደግፈው ታስቦ ነው። ቆጡ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በየሃያና ሠላሳ ሴንቲሜትሩ በተዘረጋ ብረት ላይ ነው። በብረቶቹ መካከል ያለው ፕላስቲክ በውሃው ክብደት ቀስ በቀስ ወደ ታች ይረግባል፤ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው መርገቡ ይበረታል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሥር፣ መውጫው ቧንቧ ከተገጠመበት አካባቢ ነው። በአርማታ ወለል ላይም ቢሆን ተዘንግቶ የቀረ አንድ ጠጠር ያንኑ ጉዳት ያደርሳል።

ትልቁ ተቃውሞ የከፍታ ነው፤ ሮቶ ካልተሰቀለ ውሃው ጉልበት አይኖረውም ይባላል። ሂሳቡ ግን ለዚህ ሐሳብ ብዙም አያደላም። ውሃ በአሥር ሜትር ከፍታ የሚያገኘው ግፊት አንድ ባር ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሜትር የሰቀለ ሰው ያተረፈው 0.3 ባር ነው፤ ይህ ገላ መታጠቢያውን ደህና አያደርገውም፣ ፎቅ ላይማ አያደርስም። በዚያ ላይ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ራሱ ደካማ ነው፤ መሬት ላይ ያለ ሮቶ ውስጥ የሚገባው ውሃ ቆጥ ላይ ተሰቅሎ አራት ሜትር ተኩል ላይ ወዳለ የሮቶ አፍ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። ጉልበት ከተፈለገ የሚሰጠው ፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል የሚለውም ትክክል ነው። ቢሆንም ከ60 እስከ 80 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ወለል ላይ የተቀመጠ ሮቶ ያለ መብራት ጀሪካን ይሞላል፤ ምድር ቤት ላለው የወጥ ቤት ቧንቧም ውሃው ከግማሽ በታች እስኪወርድ ድረስ ይደርሳል። ከፍታው ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ሁለት ቶን ውሃ በቀጭን እግር ላይ ሲሰቀል መሬቱ በተነቃነቀ ቁጥር እግሮቹን ለመገልበጥ ይታገላል፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ይህን አደጋ ለ0.3 ባር ብሎ መቀበል አይገባም።

ቤቱ ጣሪያው አርማታ የሆነ ሰው እዚያው ላይ ማስቀመጥ ይቀልለው ይመስለዋል። የመኖሪያ ቤት ወለል ግን በተለምዶ የሚሠላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ተንቀሳቃሽ ጭነት እንዲሸከም ነው፤ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ውሃ በካሬ ሜትር 1,500 ኪሎ ነው። መሐንዲስ ሳያየው ወደዚያ መውጣት አይገባም፤ ከታየም ቦታው ከኮለንና ከቢም በላይ እንጂ መሐል ላይ መሆን የለበትም። ተከራይ ለሰው ግቢ አርማታ አያፈስም የሚለውም ያስኬዳል። ለእሱ የሚሻለው ያነሰ ሮቶ፣ በተደለደለ ገረጋንቲ ላይ በጥብቅ የተነጠፈ ድርድር ብሎኬትና ከላዩ ወፍራም ሰሌዳ ነው፤ ሲለቅ ነቅሎ ይወስደዋል።

የራሱ ግቢ ያለው ግን ሥራውን ከቁፋሮ ይጀምር። ጥቁር አፈር ከሆነ የተሰነጠቀው ንብርብር እስኪያልቅ ይወጣ፤ ጥልቀቱ ከአቅም በላይ ከሆነ የተቻለው ያህል ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ። ገረጋንቲው በአንዴ አይገለበጥም፤ በየ20 ሴንቲሜትሩ ውሃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ድንጋይ ይነጠፋል፣ ዙሪያው በግንብ ተነስቶ ውስጡ በተጠቀጠቀ ሙሌት ይሞላል፣ ከላዩም 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲሜትሩ ታስሮ 15 ሴንቲሜትር አርማታ ይፈሳል። ወለሉ ከሮቶው በየጎኑ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይትረፍ፣ በውሃ ልክም ይፈተሽ። አርማታው ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ሙሉ ጥንካሬውን እስከ 28 ቀን ስለሚይዝ ሮቶውን ለመሙላት መቸኮል ጥሩ ሥራን ያበላሻል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የትርፍ ውሃ መውጫውን ነው። ፈረቃው ሌሊት ሲመጣ ቤተሰቡ ተኝቷል፤ ሮቶው ሞልቶ የሚፈሰው እዚያው ሥሩ ላይ ነው፣ በአንድ በኩል ብቻ። ለመረሬ አፈር ከዚህ የከፋ የለም፤ በጋውን ሙሉ አንዱ ጥግ ሲያብጥ ሌላው ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ትርፉ በቧንቧ ተይዞ ወደ ቦይ ይሂድ፣ ዙሪያውም ወደ ውጭ ያጋደለ ሊሾ ይደረግለት። ከሮቶው የሚወጣው መስመር በመጀመሪያው ጥቂት ሴንቲሜትር ታጣፊ ቱቦ ይሁን፤ ሮቶ ሲሞላ ጎኑ ስለሚነፋ ድርቅ ያለ ቧንቧ መጋጠሚያውን ይሰብራል። የመጀመሪያው ሙሌት በሦስት ዙር ይሁን፤ በየዙሩ አንድ ቀን ቆይቶ ውሃ ልኩ በአራቱም ጠርዝ ይቀመጥ። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላም በመስከረም ልኬቱ ይደገም፤ ወለሉ አጋድሎ ከተገኘ ሮቶው ባዶ ሳይሆን ሽብልቅ ለመክተት መሞከር አደገኛ ነው።