ሁለት ሰዓት ሲባል፣ የቱ ሁለት?

ዛሬ ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ስልክና ታብሌት ላውጋችሁ።

ባለፈው አንዲት እናት ለተዝካር ምግብ አዘዙ፤ «ቅዳሜ ሁለት ሰዓት እንወስዳለን» ብለው። እዚሁ ኮዝሞ ሲቲ ያደገችው ልጄ ታብሌቱ ላይ 14:00 ብላ መዘገበች። ቅዳሜ በጠዋት መኪና ይዘው ሲመጡ ወጡ ገና አልተጣደም። እንግዳው እየጠበቀ ነው። እንዴት እንዳፈርኩ!

ልጄን ተቆጣኋት። ሳስበው ግን ጥፋቷ አልነበረም። የእኛ ሰዓት ከንጋት ይቆጠራል፤ የእኛ የጠዋት 2 እዚህ አገር 8 ነው። የአፕልን የማኪንቶሽ ሥራ በ1979 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጄፍ ራስኪን በ1994 እንደጻፈው፣ «ሳያስተምሩኝ ገባኝ» የምንለው መሣሪያ፣ ዞሮ ዞሮ የለመድነውን የሚመስል ነው። እሷም እኔም የለመድነውን ነው የሰማነው።

አሁን የትእዛዝ ቅጹን አብረን አስተካከልነው፤ መጀመሪያ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል። ሐሳቡ የእኔ፣ ጣቱ የእሷ።

ልጆች፣ እናታችሁ ስልክ ሲያምታታት አትሳቁባት፤ «ምን መስሎሽ ነው የነካሽው?» በሏት። እኛም ወላጆች ከመቆጣታችን በፊት እንጠይቅ። እኔ የተማርኩት ካፈርኩ በኋላ ነው።