ያውቁ ኖሯል? ትዕቢትና ዐቢይ ጾም የአንድ ሥር ቃላት ናቸው

ትዕቢት፦ «ዐብየ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ታላቅ ሆነ» ማለት ነው። የ«ዐቢይ ጾም» «ዐቢይ»ም ከዚሁ ሥር በቅሏል። ትዕቢተኛ ማለት እንግዲህ ታላቅነትን ለራሱ የሰጠ ሰው ነው።

ጥጋብ፦ ሆድ ሲሞላም፣ ሰው ያገኘው ነገር ልቡን አሳብጦት ሌላውን ሲንቅም «ጠገበ» እንላለን።

ኩራት፦ ብዙ ጊዜ ምስጋና ነው፤ «ልጄ ኩራቴ» እንላለን። «ኮራ» የሚለው ግስ «ረ»ን ደግሞ «ተኩራራ» ሲሆን ግን ወደ ነቀፋ ያደላል።

ውዳሴ ከንቱ፦ «ውዳሴ» ምስጋና፣ «ከንቱ» ባዶ፤ ፍሬ የሌለው ሙገሳ ማለት ነው። መልካም ሥራን ለታይታ የሚያደርግ ሰው የሚያሳድደው ይህንኑ ነው።

በምስጋናና በነቀፋ መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ቋንቋችን ራሱ ያስተምረናል።